ጆን ቦይድ ደንሎፕ (1840–1921)፦ በመንከባለል ፍጥነትና መሬትን በመያዝ ብቃት መካከል ያለው ጎማ

በአየር የተሞላ ጎማ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የጆን ቦይድ ደንሎፕ ስም ቀድሞ ይጠራል። የስሙ ገናናነት ግን ሁለት ነገሮችን ጋርዷል። አንደኛው፣ ይህንኑ ሐሳብ ከእርሱ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ በሕግ ያስመዘገበ ሌላ ስኮትላንዳዊ መኖሩ ነው። ሁለተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ ደንሎፕ በቤልፋስት ግቢው ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የለካው የልጅን ምቾት ሳይሆን የመንኮራኩርን የመንከባለል ርቀት መሆኑ ነው። ዛሬ ለተራራ ብስክሌት ጎማ የሚመርጥ ሰው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ፣ ማለትም መሬትን አጥብቆ እየያዘ ያለ ብዙ ድካም የሚንከባለል ጎማ እንዴት ይገኛል የሚለው፣ መነሻው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድሬግሆርን እስከ ቤልፋስት

ደንሎፕ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ፣ በኤየርሻየር አውራጃ፣ ድሬግሆርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በኤድንበርግ፣ በመሥራቹ በዲክ ስም በሚታወቀው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ ገና በወጣትነቱ የእንስሳት ሐኪም ሆነ። ለበርካታ ዓመታት በአገሩ ከሠራ በኋላ በ1867 ባሕሩን ተሻግሮ አየርላንድ ገባ። በዳውንፓትሪክ ከተማ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት ከፈተ፤ ቀጥሎም ወደ ቤልፋስት ተዛወረ። በ1871 ማርጋሬት ስቲቨንሰንን አግብቶ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። በ1880ዎቹ አጋማሽ የቤልፋስቱ የሕክምና ቤት በአየርላንድ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። ስለዚህ ደንሎፕ ወደ ጎማ ሥራ የገባው ድህነት ገፍቶት ወይም የፈጠራ ሥራ መተዳደሪያው ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሙያው የተደላደለ፣ ደንበኛው የበዛ ሰው ነበር።

አንድ የእንስሳት ሐኪም የመንኮራኩርን ነገር ምን አገናኘው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ አስገራሚ አጋጣሚ ብቻ ይታለፋል። በዘመኑ ግን የከተማ ጭነት ሁሉ በፈረስ ይጎተት ነበር። የፈረስ ሐኪም በየዕለቱ የሚያየው ሕመም በአብዛኛው የመንገዱና የጋሪው ውጤት ነው፤ በጥርብ ድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጋሪ የሚጎትተውን እንስሳ እግርና ትከሻ ይጎዳል። ጭነትን ለመጎተት የሚጠይቀው ኃይል ከመንገድ ወደ መንገድ እንዴት እንደሚለያይ ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለጋሪውና የፈረሱ ሐኪም ነው። በተጨማሪም ደንሎፕ ላስቲክን ለሥራው ይጠቀምበት ስለ ነበር፣ የላስቲክ ቅጠል እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚጣበቅ በእጁ ያውቅ ነበር። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ሰው መገናኘታቸው ከአጋጣሚ ያለፈ ትርጉም አለው።

የግቢው ሙከራ

በ1887 የደንሎፕ ልጅ ጆኒ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነበር። የሚነዳት ባለሦስት እግር ብስክሌት መንኮራኩሮቿ በደረቅ ላስቲክ የተለበጡ ስለ ነበሩ በቤልፋስት የጥርብ ድንጋይ መንገዶች ላይ ክፉኛ ትንቀጠቀጥ ነበር። በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ትረካ በዚህ ይጀምርና አባት ለልጁ ምቾት ሲል ጎማውን ፈጠረ ብሎ ያበቃል። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ደንሎፕ ምን እንደ ሞከረ ሲታይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ደንሎፕ አንድ ክብ የእንጨት ገበታ ወሰደ። ከላስቲክ ቅጠል ቱቦ ሠርቶ በገበታው ዙሪያ አደረገው፤ በላዩም ጨርቅ አልብሶ ከእንጨቱ ጋር በሚስማር አያያዘው፤ ከዚያም በልጁ የእግር ኳስ መንፊያ አየር ሞላው። ይህን ከሠራ በኋላ ልጁን አስቀምጦ ተመችቶህ እንደ ሆነ ንገረኝ አላለውም። ይልቁንም ከብስክሌቷ የተፈታውን መንኮራኩርና በአየር የተሞላውን ገበታ በግቢው ንጣፍ ላይ እየገፋ አንከባለላቸው። የብስክሌቷ መንኮራኩር ግቢውን ሳይጨርስ ወደቀ። በአየር የተሞላው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ነጥሮ ተመለሰ።

ዛሬ በቤተ ሙከራ ልማድ ቢመዘን ሙከራው ብዙ ጉድለት አለበት። የሁለቱ መንኮራኩሮች ክብደትና ስፋት እኩል አልነበረም፤ የመነሻው ግፊትም በክንድ እንጂ በመሣሪያ አልተለካም፤ በላያቸው የተጫነ ሸክምም አልነበረም። ከባዱ መንኮራኩር በእኩል ፍጥነት ቢነሣ የበለጠ ኃይል ይዞ ስለሚነሣ ንጽጽሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሊያዛባ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ልዩነቱ ትልቅ ስለ ነበር ስሕተቱ ሊሸፍነው አልቻለም። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ደግሞ ሙከራው የተደረገው በለሰለሰ ወለል ላይ ሳይሆን ብስክሌቷ በየቀኑ በምትሄድበት ዓይነት ሸካራ ንጣፍ ላይ መሆኑ ነው። በመስተዋት በሚመስል ወለል ላይ ቢሆን ኖሮ ደረቁ መንኮራኩር ምናልባት ባልተሸነፈ ነበር፤ የጎማው ታሪክም በሌላ ግቢ በተጀመረ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ተንከባላይ መንኮራኩር ኃይሉን በየት በየት በኩል እንደሚያጣ መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ኪሳራ ከራሱ ከላስቲኩ ውስጥ ነው። ጎማ መሬት በሚነካበት ቦታ ይጨመቃል፤ ሲለቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ነገር ግን ሲጨመቅ የወሰደውን ኃይል ሲለቅ ሁሉንም አይመልስም። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሌላው ኪሳራ ከመንገዱ ሸካራነት የሚመጣ ነው። ደረቅ መንኮራኩር ትንሽ ጠጠር ሲያገኝ ብስክሌቱንና በላዩ ያለውን ሰው በሙሉ ወደ ላይ ማንሣት ይኖርበታል፤ ከጠጠሩ ሲወርድ ደግሞ ያ የወጣው ኃይል በግጭትና በንቅጥቅጥ ይጠፋል። በአየር የተሞላ ጎማ ጠጠሩን ወደ ሆዱ ይውጠዋል፤ ከፍ የሚለው የጎማው ትንሽ ክፍል እንጂ መላው ሸክም አይደለም፤ የተጨመቀው አየርም ጠጠሩን እንዳለፈ የተሰጠውን ኃይል ከሞላ ጎደል ይመልሳል። መንገዱ የበለጠ በሸከረ መጠን ሁለተኛው ኪሳራ ከአንደኛው እየበለጠ ይሄዳል። የደንሎፕ መንኮራኩር ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1888 መጀመሪያ ላይ ብስክሌቷ በሁለቱ የኋላ መንኮራኩሮቿ አዲሱን ጎማ ለብሳ ጆኒ በምሽት አወጣት። ከዚያ ደንሎፕ ወደ ትልቁ ብስክሌት ተሸጋገረ፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው የባሰ አስገራሚ ሆነ። ጁላይ 23 ቀን 1888 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1888 መብቱ ተሰጠው።

የተረሳው ቀዳሚ

ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በ1822 በስቶንሄቨን፣ ስኮትላንድ የተወለደ መሐንዲስ ነበር። በ1845፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ በአየር የተሞላ ጎማን በብሪታንያ በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም በፈረንሳይና በአሜሪካ አስመዘገበው። የእርሱ ጎማ በላስቲክ ከተነከረ ሸራ የተሠራ ቱቦ ሆኖ በውጭ በኩል ቆዳ የለበሰ ነበር። በ1840ዎቹ ብስክሌት ገና አልነበረምና ጎማው የታሰበው ለፈረስ ሠረገላ ነበር።

ቶምሰን ከደንሎፕ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ መለካቱ ነው። በለንደን ባደረገው ሙከራ አንድን ሠረገላ በተለመደው መንኮራኩርና በራሱ መንኮራኩር እያደረገ ለመጎተት የሚያስፈልገውን ጉልበት መዘገበ። በለሰለሰና በጠነከረ የጠጠር መንገድ ላይ የተለመደው መንኮራኩር 45 ፓውንድ፣ በአየር የተሞላው 28 ፓውንድ ጠየቀ። አዲስ በተፈለጠ የባልጩት ድንጋይ ላይ ደግሞ የተለመደው 120 ፓውንድ ሲጠይቅ፣ በአየር የተሞላው 38.5 ፓውንድ ብቻ ጠየቀ። በመቶኛ ሲሰላ በመልካሙ መንገድ ላይ የተገኘው ቅናሽ 38 ከመቶ ገደማ፣ በክፉው መንገድ ላይ የተገኘው 68 ከመቶ ገደማ ነው።

እነዚህ አራት ቁጥሮች በጥሞና መታየት ይገባቸዋል። በአየር የተሞላው መንኮራኩር በተፈለጠ ድንጋይ ላይ የጠየቀው ጉልበት የተለመደው መንኮራኩር በመልካም መንገድ ላይ ከጠየቀው ያንሳል። በሌላ አነጋገር መንኮራኩሩን መለወጥ መንገዱን ከመጥረግ የበለጠ ዋጋ ነበረው። መንገድ በሌለበት ለመሄድ የተሠራ ብስክሌት የሚቆምበት መሠረት ይህ ነው፤ የቶምሰን ሠንጠረዥም ከተራራ ብስክሌት በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ጉዳዩን ዘግቶታል ማለት ይቻላል።

ቶምሰን ግን ገበያ አላገኘም። ጥሩ የላስቲክ ቅጠል ውድ ነበር፤ የሠረገላ ባለቤቶችም ለፈረሳቸው ድካም ያን ያህል ገንዘብ ለማውጣት አልፈቀዱም። እርሱም ወደ ደረቅ ላስቲክ ጎማና ወደ እንፋሎት መኪና ሥራ ዞሮ በ1873 በኤድንበርግ ሞተ። ደንሎፕ ስለ እርሱ ሥራ ሳያውቅ የራሱን እንደ ሠራ በአጠቃላይ የታመነ ነው። በ1890 ግን የቀደመው ምዝገባ ተገኘና የደንሎፕ የፈጠራ መብት ዋጋ እንደሌለው ተነገረው።

ውድድሩና ኩባንያው

ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ተኩል ግን ብዙ ነገር ተከናውኗል። የቤልፋስት የብስክሌት ቡድን አለቃ የነበረው ዊሊ ሂዩም አዲሱን ጎማ ያደረገ ብስክሌት ገዝቶ ሜይ 18 ቀን 1889 በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ ሜዳ በተደረገ ውድድር ቀረበ። የጎማውን ውፍረት ያዩ ተመልካቾች እንደ ሳቁበት ይነገራል። ሂዩም አሸነፈ፤ ጥቂት ቆይቶም በሊቨርፑል ከተወዳደረባቸው ውድድሮች አንዱን ብቻ አጥቶ ሌሎቹን ወሰደ። አንድ ጋላቢ ማሸነፉ ስለ ጎማው የሚያስረዳው ጥቂት ነው ሊባል ይችላል፤ ሰውየውና መሣሪያው በአንድ ላይ ተወዳድረዋልና። ገበያ ግን እንደ ተመራማሪ አይጠራጠርም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደረቅ ላስቲክ የሚወዳደር ጠፋ።

በቤልፋስቱ ውድድር ከተሸነፉት መካከል የደብሊኑ የወረቀት ነጋዴ የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩበት። አባትየው ሽንፈቱን ወደ ንግድ ለወጠው። በ1889 መጨረሻ በደብሊን በ25,000 ፓውንድ ካፒታል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ደንሎፕም መብቱን አስተላልፎ በምትኩ 1,500 አክሲዮን ያዘ። መብቱ በማግሥቱ ሲፈርስ ኩባንያውን ያዳነው የደንሎፕ ፈጠራ ሳይሆን ዱ ክሮ የገዛቸው የሌሎች ሰዎች መፍትሔዎች ናቸው።

የደንሎፕ የመጀመሪያ ጎማ ከቸርኬው ጋር ተጠቅልሎ የተጣበቀ ነበር። እሾህ ከወጋው ጨርቁን ከላስቲኩ፣ ላስቲኩን ከቸርኬው እየላጡ ማውጣት፣ ጠግኖ እንደ ገና ማጣበቅ ግድ ነበር፤ ይህም የሰዓታት ሥራ ነው። በ1890 ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች በጠርዙ የማይለጠጥ ሽቦ የገባበት የውጭ ጎማና መካከሉ የጎደጎደ ቸርኬ አስመዘገበ። የጎማው አንድ ወገን ወደ ጎድጓዳው ሲገባ ሌላው ወገን በቸርኬው ጠርዝ ላይ ለማለፍ ይላላል፤ አየር ሲሞላ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ወጥተው ይጠብቃሉ። በዚያው ዓመት ዊልያም ባርትሌት ጠርዙ በቸርኬው መንጠቆ የሚያዝ ሌላ ዓይነት አስመዘገበ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጥ የብስክሌት ጎማ ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ሁለቱ የተዋለደ ነው። በፈረንሳይም የሚሽላን ወንድማማቾች የራሳቸውን የሚፈታ ጎማ ሠርተው በ1891 ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ በተደረገው ረጅም ውድድር በእርሱ የጋለበው ሻርል ቴሮን አሸነፈ። እግረ መንገድ ለመጥቀስ ያህል፣ አማርኛ ጎማና ቸርኬ የሚሉትን ቃላት የወሰደው ከእንግሊዝኛው ወገን ሳይሆን ከጣሊያንኛ ነው፤ የደንሎፕ ፈጠራ ወደ እኛ ቋንቋ የገባው በሌላ በር ነበር።

የመንሸራተት ጥያቄ

ደንሎፕ በግቢው የለካው መንከባለልን ብቻ ነበር። መሬት መያዝ የሚባለው ጉዳይ የመጣው በኋላ፣ ከገዢዎች ቅሬታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ገጻቸው ለስላሳ ነበር። ዝናብና የፈረስ ፋንድያ በተደባለቀበት የከተማ ንጣፍ ላይ፣ በተለይም በትራም ሐዲድ አጠገብ፣ ብስክሌት ወደ ጎን ተንሸራቶ ጋላቢውን ይጥል ነበር። በ1890ዎቹ ይህን ለመከላከል የተለያየ መስመርና ጉብታ ያላቸው የውጭ ሽፋኖች ተበራከቱ። በመኪና ዘንድ ኮንቲኔንታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ በገጹ ላይ ቅርጽ የተቀረጸበትን ጎማ በ1904 አወጣ።

ከዚህ በኋላ በጎማ ሠሪዎች ዘንድ አንድ እምነት ሥር ሰደደ፤ መሬት መያዝና በፍጥነት መንከባለል የሚቃረኑ ናቸው፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን ይተዋል የሚል። እምነቱ ከፊል እውነት አለው። ለስላሳ ላስቲክ ወደ ድንጋዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ገብቶ ስለሚይዝ አይንሸራተትም፤ ነገር ግን ያ መግባትና መውጣት ራሱ ኃይልን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ረጃጅም ጥርሶች አፈር ውስጥ ይገባሉ፤ በጠንካራ መንገድ ላይ ግን በየዙሩ እየታጠፉ ኃይል ይበላሉ። በላስቲኩ ዓይነትና በጥርሱ ቁመት ረገድ ቅራኔው እውነተኛ ነው።

በአየር ግፊት ረገድ ግን ቅራኔው የሚፈርስበት ቦታ አለ፤ የቶምሰን ቁጥሮችም የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው። ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት በግምት በላዩ ያለው ሸክም ለውስጡ ግፊት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 50 ኪሎ ግራም የተጫነበት የኋላ ጎማ በ4 ባር ግፊት 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ይነካል፤ በ2 ባር ሲሆን ወደ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግፊቱ ሲቀንስ የሚነካው መሬት ይበዛል፤ ብዙ ጥርሶችም በአንድ ጊዜ ሥራ ይይዛሉ፤ ስለዚህ መያዙ ይጨምራል። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ለዚህ ዋጋ ይከፈላል፤ ጎማው ይበልጥ ስለሚጨመቅ መንከባለሉ ይከብዳል። በሥር፣ በጠጠርና በድንጋይ ላይ ግን የቀነሰው ግፊት እንቅፋቱን ስለሚውጥ መንከባለሉም ይቀላል። በአንድ እርምጃ ሁለቱም ይገኛሉ። ይህ እውነት የሚሠራው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው፤ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ጎማው ወደ ጎን ይወላገዳል፣ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ የውስጥ ጎማውም በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የውስጥ ጎማ የሌለውና ቀዳዳን የሚደፍን ፈሳሽ የያዘው የዛሬው ጎማ ዋና ጥቅሙ ይህን ወሰን ወደ ታች ማውረዱ ነው፤ ብዙ የተራራ ጋላቢዎች ዛሬ ከ1.5 እስከ 2 ባር ባለው መካከል የሚነዱት በእርሱ ምክንያት ነው።

ስፋትም እንዲሁ ተዘንግቶ የነበረ ጉዳይ ነው። ሁለት ጎማዎች እኩል ግፊት ቢኖራቸው የሚነኩት መሬት ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ የሰፊው ግን አጭርና ወርዱ ሰፊ ይሆናል፣ የጠባቡ ረጅምና ቀጭን። አጭሩ በእያንዳንዱ ዙር የጎማውን ጎን የሚያጎብጠው በጥቂቱ ስለ ሆነ ኪሳራው ያንሳል። የጎዳና ተወዳዳሪዎች ይህን ለመቀበል የወሰደባቸው ጊዜ ረጅም ነው፤ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ጠባብና ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው ሲባል ኖሮ ከ23 ሚሊ ሜትር ወደ 28 እና ከዚያ በላይ የተሸጋገሩት በቅርቡ ነው። በ1889 ተመልካቾች የሳቁበት የሂዩም ወፍራም ጎማ ነበር፤ ፌዙ ግን ከድሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ይመስላል።

ወደ ወፍራሙ ጎማ መመለሱን ያስጀመሩት ተወዳዳሪዎች አልነበሩም። የቺካጎው ሽዊን ኩባንያ በ1933 ስፋቱ 2.125 ኢንች፣ ማለትም 54 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ያደረገ ብስክሌት ለአሜሪካ ልጆች አቀረበ። እነዚያ ከባድ ብስክሌቶች አርጅተው ከተጣሉ በኋላ በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ያሉ ወጣቶች እየሰበሰቡ በአፈር መንገድ ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። ቁልቁለቱ የፍሬኑን ቅባት አቃጥሎ ስለሚጨርሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደ ገና ቅባት መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ መንገዱ ሪፓክ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ወጣቶቹ ሌላ ዘመናዊ ብስክሌት ሳያጡ አሮጌውን የመረጡት ወፍራም ጎማ የሚሸከም እርሱ ብቻ ስለ ነበር ነው። የተራራ ብስክሌት ከክፈፉ በፊት በጎማው ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ በልምድ የጸናው አመራረጥ ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያይበት ዓይን የተለያየ ነው። የፊተኛው ሲንሸራተት ጋላቢው መሪውን አጥቶ ይወድቃል፤ የኋለኛው ሲንሸራተት ግን ብዙ ጊዜ ማረም ይቻላል። በሌላ በኩል ከሸክሙ የሚበዛው የሚያርፈው በኋለኛው ላይ ስለ ሆነ የመንከባለል ኪሳራውም የሚበዛው እዚያ ነው። ስለዚህ ከፊት ሰፋ ያለ፣ ላስቲኩ የለሰለሰ፣ የጎን ጥርሶቹ የበረቱ ጎማ፤ ከኋላ ደግሞ የመካከል ጥርሶቹ ያጠሩና የተቀራረቡ፣ ላስቲኩም የጠነከረ ጎማ ይደረጋል። ለጭቃ የተራራቁ ረጃጅም ጥርሶች ይመረጣሉ፤ ተራርቀው ካልተሠሩ ጭቃው በመካከላቸው ተጣብቆ ጎማውን እንደ ለስላሳ ያደርገዋል። በእርጥብ አለት ላይ ግን ጥርስ ብዙም አይረዳም፤ እዚያ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ደንሎፕ ለባለሦስት እግሯ ብስክሌት ጎማ ያደረገው በሁለቱ የኋላ መንኮራኩሮች ላይ ብቻ ነበር፤ መንከባለልን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ደንሎፕ የሕክምና ሥራውን ትቶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደብሊን ተዛወረ። ከዱ ክሮ ጋር የነበረው ግንኙነት እየሻከረ ሄዶ ከታላቁ ሽያጭ በፊት ከኩባንያው አመራር ርቆ ነበር። በ1896 ኧርነስት ቴራ ሁሊ የተባለ የገንዘብ ነጋዴ ኩባንያውን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ዋጋ ለሕዝብ በአክሲዮን ሸጠው። ደንሎፕ ከዚህ ሀብት የሚወራለትን ያህል አላገኘም። ስሙ ግን ከኩባንያው ጋር ቀረ። ማስታወቂያዎቹ በመልኩ ላይ ተመሥርተው ረጅም ባርኔጣ ያደረገና በልብሱ የሚኩራራ ሽማግሌ አድርገው ሲሥሉት ቁጥብ የነበረው ሐኪም እንደ ተቃወመ ይነገራል። የእርሱ ያልሆነ ፋብሪካ ስሙን፣ የእርሱ ያልሆነ ሥዕል መልኩን ወስደውበት ነበር።

በደብሊን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ይዞ በጸጥታ ኖረ። ልጁ ጆኒ ከእርሱ ቀድሞ ሞተ። ደንሎፕ ኦክቶበር 23 ቀን 1921 በ81 ዓመቱ በደብሊን አረፈ። ስለ ጎማው አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ በልጁ በጂን አዘጋጅነት ከሞቱ በኋላ ታትሟል። በሰሜን አየርላንድ የወጣ የ10 ፓውንድ የብር ኖት ምስሉን ይዞ ነበር። በእጁ ከሠራቸው የመጀመሪያዎቹ የብስክሌት ጎማዎች አንዱ በኤድንበርግ፣ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል።